“ይመለሳል” የሚባለው ገንዘብ

“ዶክተር ከሆነች ገንዘቡ ይመለሳል።” የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ይህን የማይል አጎት ያለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አጭር ናት፣ ታምራለች፣ ታጽናናለች። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል፤ ቁጥር። ስንት ነው የሚመለሰው? በስንት ዓመት? ለማን? መላሹስ ማን ነው? በቤተሰብ ስብሰባ መሐል ይህን የጠየቀ ሰው የልጅቷን ሕልም ሊያኮላሽ የመጣ ምቀኛ ይመስላል። ስለዚህ አይጠየቅም። ገንዘቡ ግን ይከፈላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ነኝ፤ ቢሮዬ ኡራኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስታችሁ ወደ ካዛንቺስ ወይም ወደ ሃያ ሁለት ብትሄዱ በየሕንፃው ክሊኒክ፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ ታያላችሁ፤ በየአጥሩና በየቴሌግራም ቻናሉ ደግሞ የኮሌጅ ማስታወቂያ። ነጭ ጋውን የለበሰች ፈገግ ያለች ልጅ፣ አንገቷ ላይ ማዳመጫ፣ ከሥር ሦስት ስልክ ቁጥር። ዋጋ የለም። ማኪያቶ ስንት እንደሆነ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ሰፈር፣ አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ከሚያወጣቸው ትልልቅ ወጪዎች አንዱን “ደውለው ይጠይቁ” ብሎ ያልፈዋል።

የምለው ይሄን ነው፤ ሕክምና ለመማር ኮሌጅ ስንመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዋጋው ነው። የሴሚስተሩ ሳይሆን የሙሉው፤ ከመጀመሪያው ምዝገባ እስከ ሙያ ፈቃዱ። ከዚያ ቀጥሎ ዕዳው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ። ይህን ጥያቄ ነውር ያደረግነው እኛው ነን፤ ከነውሩ የሚያተርፉት ግን ሌሎች ናቸው።

በነገራችን ላይ አጎቶቻችን ሞኞች አይደሉም። “ይመለሳል” የሚለው እምነታቸው ከልምድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈትም፣ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋምም፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት መንግሥት ያስተምራል፣ ያሳድራል፣ ያበላል ማለት ነበር። በደርግ ጊዜ ኩባ ሄደው የተማሩ ልጆችም ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ሣንቲም አልከፈሉም። ቤተሰብ የሚያወጣው የአውቶቡስ፣ የኪስና የደብዳቤ ገንዘብ ነው። ዜሮ ከፍለህ ዶክተር ከወጣልህ፣ የመጀመሪያው ወር ደሞዝ ራሱ ትርፍ ነው። አጎቴ የሚያስታውሰው ይሄን ዓለም ነው። ዋጋው ተለውጧል፣ ዓረፍተ ነገሯ ግን ሳትለወጥ ቀረች።

ለውጡ የመጣው በሁለት በር ነው። የመጀመሪያው ኮስት ሼሪንግ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 91/1995 የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራትን አወጀ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የገባ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ተደረገ። አብዛኛው ሰው የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ፣ የምሩቃን ግብር ተብሎ።

ኮስት ሼሪንግን የሚወድ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ ከደሞዜ ላይ ሲቆረጥ እያየሁ አመሰግናለሁ አልልም። ሐኪሞቹ ደግሞ የባሰ ነገር ነበረባቸው፤ የዲግሪያቸው ወረቀት እስኪያገለግሉ ወይም እስኪከፍሉ ተይዞባቸው የኖሩ ብዙ ናቸው። ግን እንደ ኢንጂነር ዲዛይኑን ብቻ ካየሁት፣ ይሄ ዕዳ ሦስት ጥሩ ነገሮች አሉት። ገቢ እስክታገኝ ይጠብቅሃል። ደሞዝህ ትንሽ ከሆነ የሚቆረጠውም ትንሽ ነው። ደግሞም የተጻፈ ነው፤ ስንት እንዳለብህ ፈርመህበታል። ዕዳ ከተባለ አይቀር እንዲህ ያለ ዕዳ ይሁን።

ሁለተኛው በር የግል ኮሌጅ ነው። እዚያ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም የለም።

አስቡት። ሁለት ልጆች አንድ ዓመት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ፈተና ተፈተኑ። የመጀመሪያዋ ለሕክምና የሚያበቃትን ነጥብ አመጣች፤ መንግሥት ከትምህርት ወጪዋ እስከ 85 በመቶ ይሸፍንላታል፣ የቀረውን ደሞዝ ስታገኝ ትከፍላለች። ሁለተኛዋ ጥቂት ነጥብ አነሳት። ፈተናውን ግን አልፋለች፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ግማሽ ባመጡበት አገር አልፋለች። ይቺ ልጅ ሕክምና ልማር ካለች የግል ኮሌጅ ትገባለች፣ መንግሥት ዜሮ በመቶ ይሸፍንላታል፣ መቶውንም ቤተሰቧ አስቀድሞ ይከፍላል። በጥቂት ነጥብ ልዩነት ከ85 ወደ ዜሮ! እኔ እንዲህ ያለ ኮድ ብጽፍ አለቃዬ መልሶ ይወረውርልኛል። የመንግሥት ድጋፍ ከተማሪዋ ጋር መሄድ ሲገባው ከግቢው አጥር ጋር ታስሮ ቀርቷል። ይህንን የሚያነሳ ፖለቲከኛ እስካሁን አልሰማሁም።

ታዲያ ያ መቶ በመቶ ከየት ይመጣል? በሌላ አገር ቢሆን መልሱ “ከባንክ” ነው። እኛ ጋ ባንክ መጀመሪያ የሚጠይቀው መያዣ ነው። የካዛንቺስን ድሮ ነዋሪ አስቡ። በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙው ሰፈር የቀበሌ ቤት ሆነ። አንድ ቤተሰብ እዚያ ሃምሳ ዓመት ቢኖር፣ ልጅ ቢድር፣ ለቅሶ ቢቀመጥ፣ ካርታ የለውም። ካርታ ከሌለህ መያዣ የለህም፤ መያዣ ከሌለህ ብድር የለም። በ2017 መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም የተዛወሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከዚህ ዓይነት ቤት የወጡ ናቸው። ስለዚህ የከተማው ደሃ ለልጁ የሚበደረው ከሰው ነው። ዕቁብ አስቀድሞ ይወጣል፣ ወርቅ ይሸጣል፣ አገር ቤት ያለ የአባት መሬት ይከራያል፣ ቤሩት ወይም ሪያድ ያለች እህት ሌላ ሁለት ዓመት ትቆያለች።

የእህትየው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ሁሉ ወሬ ልብ እሷ ናትና። እሷ ስትልክ ብድር ብላ አይደለም የምትልከው። ውል የለም፣ ወለድ የለም፣ የመክፈያ ቀን የለም። “ለእህቴ ነው” ትላለች፣ ከልቧ ነው። ነገር ግን ዕዳ መሆኑ አልቀረም፤ ስሙ ውለታ ነው እንጂ። ወለድ ቢሆን ይሰላል፣ አንድ ቀን ያልቃል። ውለታ መቼ እንዳለቀ የሚነግርህ የለም። ሐኪሟ ተመርቃ አሥር ዓመት ቆይታ እንኳን፣ የእህቷ ቤት ኪራይ ሲጎድል፣ የወንድሟ ሠርግ ሲመጣ፣ “እኛ ነን ያስተማርንሽ” የምትለዋ ቃል ሳትነገር ትሰማለች። ብድር በምድር ይባል የለ። እና ልጅቷ ገጠር ሄጄ ልሥራ፣ ምርምር ውስጥ ልግባ፣ ደክሞኛል አንድ ዓመት ልረፍ ልትል አትችልም። ሕይወቷ ላይ ድምፅ ያላቸው ባለአክሲዮኖች አሉ። ስማቸው የትም አልተጻፈም እንጂ።

ከዚያ ደግሞ ብሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 አለፈ። ይሄ ለኮሌጅ ክፍያ ምን ማለት ነው? ዘመድ ከውጭ የሚልክለት ቤተሰብ የብር ክፍያው በአንዴ ቀለለለት፤ በብር ደሞዝ የሚኖረው ደግሞ በዚያው ክፍያ ላይ የዘይትና የትራንስፖርት ጭማሪ ተጫነበት። አንድ ደረሰኝ፣ አንድ ማኅተም፣ ሁለት የተለያየ ዋጋ። ጎረቤት ልጁን የግል ኮሌጅ አስገባ ብለህ ተከትለህ ከመግባትህ በፊት የጎረቤትህ ገንዘብ በምን እንደሚላክ ማወቅ አለብህ።

አሁን ቁጥር ውስጥ እንግባ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የየትኛውም ኮሌጅ ዋጋ አይደሉም። እናንተ የነገሯችሁን ቁጥር አስገቡበት። የመጀመሪያው ዓመት 150,000 ብር ነው እንበል፣ ትምህርቱ ስድስት ዓመት። ቤተሰብ ስብሰባ ላይ የሚደረገው ሒሳብ 150 ሲባዛ በስድስት፣ 900,000 ብር ነው። “ዘጠኝ መቶ ሺህ፣ እንደምንም” ይባላል። ግን ክፍያው በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምርስ? የዋጋ ንረት በ2014 እና በ2015 ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት አገር 15 በመቶ የተጋነነ ግምት አይደለም። ያኔ የስድስተኛው ዓመት ክፍያ ወደ 302,000 ብር ይደርሳል፤ ከመጀመሪያው እጥፍ። ድምሩ ደግሞ 1,313,000 ብር አካባቢ ነው። ስብሰባው ላይ ማንም ያልጠራው 413,000 ብር ማለት ነው። ጋውን፣ መጽሐፍ፣ ታክሲ፣ ምሳ፣ የፈተና ክፍያ ገና አልገባም።

እኔን ከድምሩ በላይ የሚያናድደኝ ግን ጭማሪው የሚመጣበት ጊዜ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ድርጅት ዕቃውን ርካሽ ሸጦልህ፣ መረጃህ ሁሉ እሱ ጋ ከገባ በኋላ ዋጋ ሲጨምርብህ፣ መውጣት ከመቆየት ይበልጥ ስለሚከብድህ ትከፍላለህ። ሕክምና ትምህርት ከዚህ የባሰ ነው። ሁለት ዓመት አካውንቲንግ የተማረ ሰው ቢያቋርጥ ቢያንስ የሆነ ነገር ያውቃል፣ የሆነ ቦታ ይቀጠራል። ሦስት ዓመት ሕክምና የተማረ ሰው ቢያቋርጥ ምንድነው? ሲሶ ሐኪም የሚባል የለም። አናቶሚ የሚያውቅ ሥራ ፈላጊ ነው። ኮሌጁም ይሄን ያውቃል፣ ቤተሰቡም ሦስተኛው ዓመት ላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ሦስተኛው ዓመት ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዲስ ዋጋ ሲለጠፍ የሚቀረው አማራጭ ማልቀስና መክፈል ነው። ዋጋውን መደራደር የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመግባት በፊት ነው። እኛ ደግሞ ነውር ነው ብለን ዝም የምንለው በዚያው ሰዓት ነው።

“ግን ዶክተር እኮ ነው” ትሉኛላችሁ። እሺ፣ የዶክተሩን ደሞዝ እንይ። ከመስከረም 2018 በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ የአዲስ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ ጠቅላላ ሐኪም ከዚህ የተሻለ ያገኛል። ለጋስ ሆኜ ለስሌቱ 20,000 ብር ልበል። ከግብር፣ ከቤት ኪራይና ከምግብ ተርፎ በወር 5,000 ብር ለዕዳ ብታስቀምጥ፣ 1,313,000 ብሩ የሚያልቀው በ22 ዓመት ነው። በ25 ዓመቷ ተመርቃ በ47 ዓመቷ ማለት ነው። በዚያው ደሞዝ በኮስት ሼሪንጉ ሕግ የሚቆረጥባት 2,000 ብር ነበር። ደሞዟ ያድጋል፣ እውነት ነው። ኪራዩም ያድጋል።

አጎቴ ራሱ ውስጥ ያለው ሐኪም ይሄኛው አይደለም። እሱ የሚያስበው ኡራኤል አካባቢ የራሱን ክሊኒክ ከፍቶ በጥሩ መኪና የሚመጣውን ስፔሻሊስት ነው። ያ ሰውዬ ግን ከጠቅላላ ሐኪምነት በኋላ ተወዳድሮ ስፔሻሊቲ ገብቶ፣ ሦስት አራት ዓመት ሌሊት እየሠራ የተማረ፣ ከዚያም ካፒታል ያገኘ ሰው ነው። መጨረሻውን አይተን ዋጋውን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንከፍላለን። መንግሥት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ቁጥርና ቅበላ በአንዴ ሲያስፋፋ፣ ሐኪም ያነሰበት አገር ሐኪም አገኘ፤ መቅጠሪያ በጀቱ ግን አብሮ አልሰፋም። ሥራ ያጣ ሐኪም የሚባል፣ አያቶቻችን ቢሰሙ የማያምኑት ነገር ተፈጠረ። በ2011 ሐኪሞችና ኢንተርኖች ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሰብስበው አነጋገሯቸው። በግንቦት 2017 ደግሞ የሕዝብ ሆስፒታል ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም ደረሱ፤ ዋናው ጥያቄ ደሞዝ ነበር፣ የታሰሩም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው። እነሱ አልኖርንበትም ባሉት ደሞዝ ላይ ነው እንግዲህ እኛ የሚሊዮን ብር ዕዳ ደርበን “ይመለሳል” የምንለው።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ የሚፈትን አንድ ነገር አለ፤ ዘልዬው ካለፍኩ ታማኝ አልሆንም። የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ፈተናውን አልፋ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ክፍለ ሀገር ነው። በፍሬሽማን ውጤቷ ተወዳድራ ሕክምና ልትገባ ትችላለች፣ ላትገባም ትችላለች። አክስቴ ግን ስለ ውድድሩ አይደለም የምታወራው። ስለ መንገዱ ነው። በሰኔ 2016 መጨረሻ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ፤ ከመቶ በላይ ተሳፋሪ ነበር። ከዚያም በፊት የደምቢ ዶሎዎቹ ልጆች ነበሩ። ይሄን የሰማች እናት ልጇን አውቶቡስ ላይ ስታሳፍር ምን እንደሚሰማት ለእኔ አይደለም የሚነገረው። “ቤት ሸጬም ቢሆን እዚሁ ዓይኔ ሥር ትማር” ስትል፣ እኔ በኤክሴል መልስ የምሰጣት ነገር የለም።

ቢሆንም አንድ ነገር እላታለሁ፣ ብያታለሁም። ለግል ኮሌጁ የምትከፍይው የሕክምና ትምህርት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሰላም ማጣቱ ዋጋም ነው። መንግሥት መንገዱን መጠበቅ ስላልቻለ የተፈጠረ ወጪ ነው፣ ቤተሰብ ከኪሱ የሚከፍለው። ያ ከሆነ ደግሞ ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የመንግሥት ተቋም ውስጥ ሌላ የጤና ሙያ፣ ምደባ ለማስቀየር መሞከር፣ አንድ ዓመት መጠበቅ። ፍርሃት እውነተኛ ምክንያት ነው። ፍርሃት ግን የሆነ ዋጋ ሲጠራለት ሳያይ የሚከፍል ገዢ ያደርጋል፤ ሻጩም ይሄን አይስተውም። እና አቋሜ አልተለወጠም፤ ልጅቷ በመንግሥት ምደባ ሕክምና የማግኘት ዕድል ካላት፣ ሩቅም ቢሆን፣ መንገዱ የሚኬድ እስከሆነ ድረስ እሱን አስቀድሙ። የግሉ ብቻ ከቀረ የስድስቱ ዓመት ዋጋ በወረቀት ይምጣ። ለዚያ ሲባል ብቸኛው ቤት የሚሸጥ ከሆነ ግን ይቅር። ጨካኝ የሚለኝ ይበለኝ።

ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ ሌላ ነገር ይጠበቅብኛል፤ “ተዪው፣ ኮድ ተማሪ” ማለት። አልልም። ከ2016 ክረምት ጀምሮ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች ይሠልጥኑ የሚለው ዘመቻ አለ፣ ጥሩ ነው፤ ሰው በነፃ በኢንተርኔት ቢማር ማን ይጠላል። ነገር ግን አምስት ሚሊዮን ኮደር ያለበት አገርም ወሊድ የሚያዋልድ ይፈልጋል። እኔ ኮድ የተማርኩበት ዋጋ ያገለገለ ላፕቶፕና የዳታ ጥቅል ነው፤ ባይሳካልኝ ላፕቶፑን ሸጬ እወጣ ነበር። ሕክምና ላይ መውጫ በር የለም፣ ለዚህ ነው ዋጋው አስቀድሞ መታየት ያለበት ያልኩት። ሙያው ስለማይረባ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ በጣም ስለሚያስፈልገን ነው ወደ ሙያው የሚገባው ሰው በዕዳ ታንቆ እንዳይገባ የምፈልገው። ቀን መንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ አንድ ክሊኒክ፣ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ክሊኒክ ዲዩቲ የሚገባ ሐኪም እጅ ላይ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ።

ወደ አሜሪካ ብታዩ ዕዳው ከእኛ በብዙ ይበልጣል። ተበድሮ ከሚመረቅ ሐኪም የመካከለኛው ዕዳ 200,000 ዶላር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ለአንድ የሕክምና ተማሪ የሚያበድረውን በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ገደበው፤ እዚያ አሁን ጭቅጭቁ በዚህ ላይ ነው። በሌላ በኩል የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ2018 ክፍያ አስቀረ፤ አልበርት አይንስታይን በ2024 በአንዲት ሴት የአንድ ቢሊዮን ዶላር ስጦታ ተከተለው። እነሱን ምሰሉ አልልም፣ ቢሊዮኑን ከየት አምጥተን። ግን እዚያ ያለ ልጅ ከማመልከቱ በፊት የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የዓመት ወጪ፣ ከነመኖሪያው ከነምግቡ፣ ድረ ገጹ ላይ ያነባል፤ ትምህርት ቤቶቹ ይህን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። የማውጣት ብቻ ነገር ነው። ቢሊዮን አይጠይቅም።

እኛ ጋም የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይህን ማስገደድ ይችላል። ፈቃድ የሚሰጥ፣ የሚነጥቅ መሥሪያ ቤት አንዲት ገጽ ለጥፉ ለማለት አቅም አያንሰውም። ለምን እንደሚያስፈልግ የመውጫ ፈተናው አሳይቶናል፤ በ2015 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይሄ የሁሉም የትምህርት ዘርፎች ድምር ነው፣ የሕክምና ብቻ አይደለም፤ በደንብ የሚያስተምሩ የግል የሕክምና ኮሌጆችም አሉ። ችግሩ ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ጋውንና አንድ ዓይነት ፈገግታ ያላቸው መሆኑ ነው። ጎበዙ ኮሌጅ ራሱ በዚህ ይጎዳል።

ባለሥልጣኑን እየጠበቅን ባለፈው ሳምንት ከአክስቴ ልጅ ጋር ሁለት ኮሌጅ ሄድን። አምስት ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ይዛ ነበር። ለእኔ መጨረሻ የምትመዘገብበት ዓመት ክፍያ በጽሑፍ ተወስኖ ይቆያል ወይ፣ ወይስ ይጨምራል፤ ከጨመረ ጣሪያው ስንት ነው? ከክፍያው ውጭ በየዓመቱ የሚጠየቅ ምን አለ? የተግባር ልምምዱ የት ሆስፒታል ነው፣ ውሉስ እስከ መቼ? ካቋረጥኩ የተከፈለው ምን ይሆናል? ከእናንተ ወጥተው የሙያ ፈቃድ ፈተና ከተፈተኑት ስንቱ አለፉ?

የመጀመሪያው ኮሌጅ ሬጅስትራር “እነዚህን ለአስተዳደሩ ነው የምታቀርቡት” ብሎ መለሰን፤ አስተዳደሩ ስብሰባ ላይ ነበር። ሁለተኛው ጋ መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። “እስካሁን ወላጅ የሚጠይቀን ባንክ ቁጥር ነው” አለች። ከዚያ ከኋላዋ ካለው መሳቢያ ፋይል አውጥታ፣ አንድ ሁለት ቦታ ደውላ፣ አራቱን መለሰችልን፤ የዋጋ ጭማሪው ጣሪያ እንደሌለው ጭምር። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። አምስተኛውን ግን አልመለሰችም፣ “ይሄ ይፋ አይደለም” አለችን።